ጣሪያዋን የተቀማች ቀልድ

ለክቡር ዶክተር ኤርሜቴ ቦንቬኪ
የባህሎች መቀራረብ ክፍል የበላይ ኃላፊ
ትሪዬስቴ፣ ታች ከባሕሩ ዳር

ጉዳዩ፦ የጠፋች ጣሪያ እንድትመለስልን በትሕትና ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ባለፈው እሑድ በጎረቤታችን በቦጎሚል ግቢ፣ ያ ቡርያ የምንለው ክፉ ነፋሳችን ሲገርፈን፣ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ስለ ነበር፣ ብርድ እንዳልመታዎት፣ ወገብዎ እንዳልተያዘ፣ ይልቁንም ያቺ ድንገት ያመለጠችዎ ሳቅ በሰላም ቤቷ መግባቷን ለማወቅ መላው የፖድሊፕዬ መንደር በጉጉት ይጠባበቃል። እኛ በጣልያን ግዛት የምንኖር ስሎቬኖች፣ እዚህ ከከተማው አናት ላይ፣ ድንጋዩ መሀል፣ ደህና ነን፤ ወይኑ ደህና ነው፣ ንቦቹ ደህና ናቸው፣ በአዳራሻችን በር ላይ ያስለጠፉት ማኅተምም ዝናብ ሳይነካው በክብር ተቀምጧል።

ስሜ ቭላስታ ሽካባር ይባላል፤ ቲያትር ጸሐፊ ነኝ። መሥሪያ ቤትዎ በሚያዘጋጀው የባህሎች በዓል መርሐ ግብር ላይ “የአናሳው ማኅበረሰብ ቀለም” ብለው የጠሩኝ ሴት እኔ ነኝ። ቀለም መባሌን በምስጋና ተቀብዬዋለሁ፤ ሰው መባሉ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ይታሰብልኝ ይሆናል። በግል ለጻፍኩልዎት ደብዳቤ መልስ ለመስጠት ጊዜ እንዳላገኙ ስለ ገባኝ፣ ሥራ እንዳላበዛብዎ ብዬ ይህኛውን ለሁሉ ሰው በግልጽ ጻፍኩት፤ እርስዎ ባያነቡት ሌላው ያነብልዎታል። ቅሬታዎቼንም፣ መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር ስለሚወድ፣ በቁጥር አስቀምጫለሁ።

፩. ስለ ጣሪያዋ።

ከቋንቋችን አንዲት ቃል እንደማያውቁ በየመድረኩ በሐዘኔታ ስለሚናገሩ (ወደዚህ ጉዳይ ኋላ እመለሳለሁ) ትንሽ ላስረዳ ይፈቀድልኝ። በስሎቬንኛ አንዳንድ ፊደላት በራሳቸው ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት ይደፋሉ፤ እኛም “ትንሿ ጣሪያ” እንላታለን። ጣሪያዋ ካለች ፊደሏ “ሻ” ትባላለች፣ ከተነሣች “ሳ” ትሆናለች። እኔ የጻፍኩት ተውኔት ስሙ “ሻላ” ነው፤ በኛ ቋንቋ ቀልድ ማለት ነው። መሥሪያ ቤትዎ ግን ጣሪያዋን አንሥቶ “ሳላ” አደረጋት፤ ሳላ ደግሞ በጣልያንኛ አዳራሽ ማለት መሆኑን ለእርስዎ መንገር ነውር ነው።

እኔ “ሻላን በበዓሉ ላይ እንድናሳይ ይፈቀድልን” ብዬ ጻፍኩ። እናንተ ጋ “አዳራሻችንን ለማሳየት ይፈቀድልን” ተብሎ ደረሰ። እናንተም ከመቼውም በላይ ፈጣን ሆናችሁ መሐንዲስ ላካችሁ፤ መሐንዲሱም ማንም ያልጠየቀውን፣ ከማንም ጋር ጠብ ያልነበረውን፣ የንባብ ማኅበራችንን አሮጌ አዳራሽ ፈልጎ አገኘና በሩን ለካ፣ ግድግዳውን አንኳኳ፣ ራሱን ወደ ላይ አቅንቶ “ጣሪያው አያስተማምንም” ብሎ ጻፈ፣ አሽጎትም ሄደ። ጣሪያው ወደ ደንቡ ሲመለስ ይከፈታል አለን። እኛ ቀልድ ብንጠይቅ እናንተ ቤት ዘጋችሁብን። የመንደሩ ሰው ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ የሳቀው ሳቅ ራሱን የቻለ ቲያትር ነበር፤ እየዋለ እያደረ ግን ሳቁ ቀዘቀዘ።

ማስታወቂያውም እንዲሁ “ሳላ፣ በታላቁ ሳላ” ተብሎ ታትሞ በከተማው ሁሉ ተለጠፈ። ከታች ከተማ የሚደውሉ ሰዎች “እመቤት፣ ምንድን ነው የምታሳዩት?” ሲሉኝ “ሻላ” እላለሁ፤ “አዳራሽ መሆኑንማ አየን፣ አዳራሹ ውስጥ ምን አለ?” ይሉኛል፤ “ምንም የለም፣ ታሽጓል” እላቸዋለሁ። አንዷ “ውይ፣ ዘመናዊ ተውኔት ነዋ” ብላ አድንቃ ስልኩን ዘጋች።

ስለ ስሜም አንድ ነገር ልጨምር። ሽካባር የሚለው ስም ከአናቱ ላይ ጣሪያ አለው። በዚያ በፋሺስቶቹ፣ በጥቁር ሸሚዝ ዘመን ወንድ አያቴ ጣሪያውን ተቀምቶ፣ ከኋላው ጅራት ተቀጥሎለት፣ ስካባሪ ተብሎ ኖሯል። እነዚያ ግን የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር፤ አያቴም የቀማውን ሰው ከነስሙ ያውቀው ነበር፣ ማታ ማታ በስሙ ጠርቶ ይረግመው ነበር፣ ለጤናውም ጠቅሞታል። የእርስዎ መሥሪያ ቤት ግን “ሲስተሙ ምልክቷን አይቀበልም” ነው የሚለኝ። ሥልጣኔ ማለት ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ድሮ ሰው ነበር የሚቀማን፣ አሁን የሚቀማን ሲስተም ነው፣ ያውም ይቅርታ እየጠየቀ። ሲስተም እንዴት ተደርጎ ይረገማል? እኔ ሞክሬ አልሆነልኝም።

፪. ስለ ማንነቴ።

የላካችሁልኝ ቅጽ “ማንነትዎን ይምረጡ፤ አንዱን ብቻ” ይላል። ክቡር ሆይ፣ አባቴ የዚህ መንደር ስሎቬን ነው፤ እናቴ ከኢስትሪያ ጣልያንኛ እየተናገረች በአንድ ሻንጣ የመጣች ሴት ናት፤ ሁለቱ በምን ቋንቋ እንደ ተዋደዱ እስከ ዛሬ አልተጣራም። እኔ በስሎቬንኛ እቆጥራለሁ፣ በጣልያንኛ እከራከራለሁ፣ ስሳደብ ደግሞ የትሪዬስቴን የወደብ አፍ እጠቀማለሁ፤ የኛ ቋንቋ ስድቡ ለስላሳ ስለ ሆነ ጠንከር ያለውን ከጎረቤት ተውሰን ነው የምንኖረው። ታዲያ የትኛዋን ቭላስታ ልላክልዎት? ይህንኑ በስልክ ብጠይቅ ጸሐፊዎ “እመቤት፣ ዋናዋን ብቻ ይምረጡ፣ ሌሎቹን ቤት ይተዉአቸው” አለችኝ። ልጅቱ ደግ ናት፣ አልቀየምኳትም።

የበዓሉንም አቀማመጥ አምና አየሁት። ለእያንዳንዱ ሕዝብ አንድ ድንኳን፣ ለእያንዳንዱ ድንኳን አንድ ሳህን፣ ከሳህኑ አጠገብ የአገር ልብስ የለበሰች አንዲት ፈገግታ። እንቀራረብ ብላችሁ ጠርታችሁን እያንዳንዳችንን በየድንኳኑ ለያችሁን፤ ሕዝቡም ስልኩን አንሥቶ ሳህኑን ይቀርጻል፣ ፈገግታዋን ይቀርጻል፣ ከዚያም ያነሣውን እያየ ከሰው ጋር እየተጋጨ ያልፋል። ጎረቤቱን ያነሣ ሰው ሞልቷል፤ ጎረቤቱን “እንደምን ዋልክ” ያለ ሰው ግን አላየሁም። ዘንድሮ እኔንም የሴት አያቴን ቀሚስ ለብሼ እንድመጣ ጋብዛችሁኛል። አያቴ ቀሚሱን የምትለብሰው ለቀብርና ለፋሲካ ነበር፤ የትኛው እንደ ሆነ ቢገልጹልኝ ካውያዬን አግዬ እተኩሰው ነበር።

፫. ስለ ቀልዷ።

ይህ አጭር ነው፣ ግን ዋናው ይህ ነው።

ተውኔቱ እንዲህ ነው፤ አንዲት አሮጊት አንዲት ቀልድ መናገር ትፈልጋለች። በጀመረች ቁጥር አንዱ “በሌላ ቋንቋ ንገሪን” ይላታል፣ አንዱ “ቆይ ስልኬን ላብራ” ይላታል፣ አንዱ “ይህ ማንንም አያስቀይምም?” ብሎ ይጨነቃል፣ አንዱ ደግሞ ስለ አሮጊቶች ቀልድ ጥናት ይጽፋል። እስከ መጨረሻው ማንም አያስጨርሳትም። መጨረሻ ላይ ብቻዋን ስትቀር ትጨርሳታለች።

አሮጊቷን የምትጫወተው አክስቴ ዩስቲና ናት፣ የአባቴ ታላቅ እኅት። የጻፍኩትም ለሷ ነው። ልጅ ሳለች ትምህርት ቤት በስሎቬንኛ ስላወራች አስተማሪዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አቁማታለች፤ አዳራሹንም ያን ጊዜ ባለ ጥቁር ሸሚዞቹ ዘግተውት ነበርና እናቷ ትተውንበት በነበረው መድረክ ላይ አክስቴ አንድም ቀን ሳትቆም አረጀች። ከጦርነቱ በኋላ ሲከፈት ደግሞ ላሞች ነበሩ፣ ልጆች ነበሩ፣ ያልታረሰ መሬት ነበረ፤ “ነገ” ስትል ዕድሜዋ ሄደ። አሁን መርሳት ጀምራለች። የጎረቤቶቻችንን ስም ትስታለች፣ እሳት ለኩሳ ትታ ትወጣለች፣ ባለፈው ሳምንት ከሞተ የቆየ ባሏን ምሳ ጠርታዋለች። ቀልዷን ግን ገና አልረሳችም። እናቷ በቆመችበት መድረክ ላይ ቆማ፣ ከመርሳቷ በፊት፣ አንድ ጊዜ እንድትናገራት ነው የፈለግነው። ከእርስዎም፣ ከመንግሥትም፣ ከአውሮጳም የምንጠይቀው ይህችን ብቻ ነው።

እናንተ ምን አላችሁን? ተመልካቹ ስለማይገባው ቀልዷ ትውጣና በቦታዋ የአኮርዲዮን ሙዚቃ ይግባ፤ “የቋንቋችሁ ዜማ ብቻውን ይበቃል”። ይህን ለጻፈልኝ የመሥሪያ ቤትዎ ሰው ምስጋና ይድረሰው፤ አሮጊቷን የሚያቋርጡ ሰዎች አንድ ጎድለውብኝ ስለ ነበር እንዳለ ወስጄ ተውኔቱ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። አንዱ ተዋናይ ደብዳቤውን ቃል በቃል ያነበዋል፤ ሰዉ በጣም ይስቅበታል።

አራተኛውን ቁጥር እዚህ መጻፍ ነበረብኝ፤ ነገር ግን የሚቀጥለው ቅሬታ ይሁን ምስጋና ለመለየት ስለ ተቸገርኩ ያለ ቁጥር ይቅረብ።

አዳራሹ ሲታሸግ ቦጎሚል “ግቢዬ አለ አይደል” አለ። ቦጎሚል ቤቱ ያፈራውን ወይን ለጥቂት ቀን በደጁ የሚሸጥበት ወቅት ነበር፤ እንደ ልማዳችን የሐረግ ቅርንጫፍ መንገዱ መገንጠያ ላይ ሰቅሎ፣ አግዳሚ ወንበሩን ዘርግቶ፣ የተቀቀለ እንቁላልና የአሳማ ሥጋውን አሰናድቶ ነበር። እኛም ከሾላው ዛፍ ሥር ጥቂት ሳንቃ አነጠፍንና መድረክ አልነው። እናንተ “ትርጉም ከሌለ አይሆንም” ስላላችሁን፣ የቀልዷን ትርጉም በጣልያንኛ በቀለም በትልቅ አንሶላ ላይ ጽፈን ከዛፉ ላይ ሰቀልን። ደንብ አክባሪዎች ነን።

እርስዎም ፎቶ አንሺዎችዎን አስከትለው መጡ። መምጣትዎን ማንም አልጠበቀም ነበር፤ ለበዓሉ መጽሔት ከእኛ ጋር የተነሡት ፎቶ እንደሚያስፈልግ ኋላ ነው የሰማነው። ቦጎሚል ቀዩን ወይን ቀዳልዎት፣ ደገሙም፣ ሠለሱም፤ እሰየው፣ ወይኑ ጥሩ ነው። ከዚያም ተነሥተው “ከዚህ ውብ ቋንቋ አንዲት ቃል ባላውቅም ዜማው ልቤን ይነካዋል” ሲሉ አጨበጨብን። ከኋላዬ የነበረችው ሴት “ልቡን ከነካው ማኅተሙን ያንሣዋ” አለች፤ እኔ ግን ዝም አሰኘኋት፣ እንግዳ ነዎትና።

ከዚያ ቡርያ ተነሣ። አንሶላው አንዴ ተወጠረ፣ ገመዱን በጠሰ፣ ትርጉሙን ይዞ ከግንቡ በላይ አልፎ በጎረቤት ወይን ማሳ ላይ ሄደ። አክስቴ ዩስቲና ወደ ሄደው አንሶላ አይታ “እሱም አቋረጠኝ” አለችና ቀልዷን ጀመረች፤ ይህ ተውኔቱ ውስጥ አልነበረም።

ቀልዷን ለአንባቢ ስል እዚህ ላስቀምጣት። ድሮ፣ በሌላ ንጉሠ ነገሥት ሥር የነበረው አገራችን ለጣልያን በተላለፈ ሰሞን፣ የመንደራችን ሴቶች በአህያ ወተት ጭነው ወደ ከተማ ይወርዱ ነበር። አንዲቱ የከተማው በር ላይ ስትደርስ አህያዋን በቋንቋችን “ቁም!” ትለዋለች፤ ይቆማል። ዘበኛው “እዚህ የሚነገረው በመንግሥት ቋንቋ ነው” ብሎ ይቆጣል። እሺ ብላ በጣልያንኛ “ሂድ” ትለዋለች፤ አይሄድም። “ና” ትለዋለች፤ አይመጣም። በሩ ተዘጋ፣ ከኋላ ያለው ሰው ጮኸ፣ ዘበኛው ራሱ አህያውን በመንግሥት ቋንቋ ለመነው፤ አህያው ጆሮውን ጣለ። ያን ጊዜ ሴትዮዋ “ጌታዬ፣ እኔስ ተምሬአለሁ፤ እሱ ግን የተወለደው በንጉሠ ነገሥቱ ጊዜ ነው” አለችው።

ይህች ቀልድ መጽሐፍ ላይ የለችም። ሴትዮዋ የአክስቴ እናት ናት፣ አህያውም የኛ ነበር። የዚህ መንደር ሰው ከእናቱ ጡት ጋር ይሰማታል፤ ከዚህ መንደር ውጭ የሚያውቃት የለም።

እና፣ ክቡር ሆይ፣ አክስቴ ገና “ጌታዬ፣ እኔስ” እንዳለች፣ ቀልዷ ሳታልቅ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሳይጠራ፣ ትርጉሙ ወይን ማሳ ውስጥ ተኝቶ ሳለ፣ ከፊት ወንበር አንድ ሳቅ ፈነዳ። ከሆድ የወጣ ሳቅ ነበር፤ ትከሻዎ ተነቀነቀ፣ ብርጭቆው ሱሪዎ ላይ ፈሰሰ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የቦጎሚልም ወይን ከብቅል አያንስም። ጥርስ ባዳ ነው የሚሉም አሉ፤ የእርስዎ ጥርስ ግን ዘመድ ሆኖ ተገኘ።

ሰው ሁሉ ወደ እርስዎ ዞረ። አክስቴ ቀልዷን አልጨረሰችም፤ ከሳንቃው ዳር ድረስ መጥታ፣ ዐይኗን አጥብባ፣ በቋንቋችን “አንተ፣ የማን ልጅ ነህ?” አለችዎ። ይህ በእኛ ዘንድ ስድብ አይደለም። ለማያውቁት ሰው ወንበር ከመስጠት በፊት የሚጠየቅ ነው፤ መልሱ ከተገኘ ወንበሩም፣ ዳቦውም፣ የሞቱት ሰዎች ወሬም ይከተላል። እርስዎ ግን ስልክዎን አውጥተው አዩ፤ ያልጠራ ስልክ አንሥተው “አዎ፣ አዎ፣ መጣሁ” እያሉ ወጡ። ፎቶ አንሺዎቹ ተከተልዎት። አክስቴ ሳንቃው ላይ ቆማ ቀረች፣ ከዚያ ወዲያ ቀልዷን እንድትቀጥል ብንለምናት “የቱን ቀልድ?” አለችን።

በማግሥቱ ደብዳቤዎ መጣ። ያለ ፈቃድ ግቢ ውስጥ ስላሳየን ተውኔቱ ከበዓሉ “በቴክኒክ ምክንያት” ወጥቷል፤ አዳራሹም ላልተወሰነ ጊዜ እንደ ታሸገ ይቆያል። ቴክኒክ የሚሉት ያንን ሳቅ መሆኑን እኛ ተረድተናል፤ የሚጠግን ሰው ግን አናውቅም።

ምስጋና ሳላቀርብ ብጨርስ ነውር ነው። ተመልካች ለሌላት ቀልድ ተመልካች ስለ ሆኑላት አመሰግናለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ “ለማን ነው የምትጽፊው፣ የሚሰማሽ አለ?” ለሚሉኝ ሁሉ ከእንግዲህ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው እጠቅሳለሁ፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ። ባህሎችን ያቀራርባሉ ተብለው ተሹመው፣ ሁለት ባህል በአንድ ሆድ ውስጥ እንዳይተያዩ አድርገው ስለ ያዙበትም ትዕግሥት ከልብ አደንቅዎታለሁ፤ እኔ ሦስቱን ይዤ አንድ ቀን እንኳ ዝም ማሰኘት አቅቶኛል።

የምለምነው እንግዲህ ትንሽ ነው። አዳራሹ ይከፈት። ጣሪያው ደህና ነው፣ ቦጎሚል ወጥቶ አይቶታል፣ መሐንዲስዎ የነካካውን አንድ ክዳን ብቻ መልሶ ገጥሞታል። የጎደለችው የፊደሏ ጣሪያ ናት፤ እሷን ደግሞ ሲስተሙ ባይቀበል በእስክሪብቶ መጻፍ ይቻላል፣ እጅዎን ያዝ የሚያደርግ ሰው ካስፈለገም እመጣለሁ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለመሥሪያ ቤትዎ ብዙ ድንኳን፣ ለድንኳኖቹም ቡርያ የማይነሣበት ቀን እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ፣ ነገር ግን ጣሪያዬን ሳላወልቅ እጅ እነሣለሁ።

ቭላስታ ሽካባር (በ“ሽ”)
ቲያትር ጸሐፊ፣ ፖድሊፕዬ

ግልባጭ፦
ለቦጎሚል፣ የፈሰሰውን ብርጭቆ ይተካ ዘንድ
ለአንሶላው፣ ባለበት

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ በቅሎን “አባትሽ ማነው?” ቢሏት “እናቴ ፈረስ ናት” አለች። ክቡርነትዎም ስለ ዘርዎ በተጠየቁ ቁጥር የመርከብ አዛዥ ስለ ነበሩት ወንድ አያትዎ እንደሚናገሩ ጋዜጣ ላይ አንብበናል፤ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር፣ የፈረሱን ወገን እኛ አልጠየቅንም። አክስቴ ዩስቲና ከእሑድ ወዲህ እኔን በእናቴ ስም ትጠራኛለች፤ ያንን ሳቅ ግን አልሳተችውም። “የሉድቪካ ሳቅ ነው” ትላለች፣ “ከእናቴ ጋር አህያ የምትነዳዋ፣ ከተማ ወርዳ አግብታ የቀረችው ሉድቪካ። ስትስቅ ሁልጊዜ ቀልዱ ሳያልቅ ነበር።” ትናንት ደግሜ ብጠይቃት “ሉድቪካ ማናት?” አለችኝ፤ ዛሬ ጠዋት ደግሞ አስታወሰች። እንግዲህ ማኅተሙን ለእኛ ብለው አያንሡት። በዚህ ምድር ላይ ሴት አያትዎን በስሟ የሚጠራ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው፤ እሷም አንድ ቀን ታስታውሳለች፣ አንድ ቀን ትረሳለች።